የአስካለ ሥዕልና የእኔ ከሰል

ጡረታ የወጣሁ ሰው አይደለሁም፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ሆኖም ባለፈው ሳምንት የሥዕል ክፍሉን ቁልፍ ላስረክብ ስገባ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እትዬ ወርቄ «እንግዲህ ጡረተኛ ልትሆንብን ነው!» ብለው ሳቁብኝ። ከብሩሽና ከከሰል ወደ ወረዳው መዝገብ ቤት መዛወሬ ነው። ደብረ ብርሃን ባነር ማተሚያ ከገባ ወዲህ የሱቁንና የክሊኒኩን ስም በእጅ የሚያስጽፍ ሰው ጠፍቷል፤ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣል። የቅዳሜው የሥዕል ክበብ ደግሞ ብቻውን ሰው አያኖርም።

የርክክቡ ቅጽ አሥራ አምስት ተራ ቁጥር ነበረው። የሥዕል ማቆሚያ ስምንት፣ ቱምቢ አንድ፣ የወተት ቆርቆሮ አራት እያለ ይወርዳል። አሥራ ስድስተኛውን በገዛ እጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ስላሳፈረኝ ግን ከሥር ልነሣ።

አሥረኛ ክፍል ስፈተን ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃም። ስለዚህ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተማሪ ሆኜ አላውቃቸውም፤ ያወቅኋቸው በአስተማሪነት ነው። ሰው ያልደረሰበትን ክፍል ሲያስተምር የራሱ ሕመም አለው። ማንም ሳይጠይቅህ ማወቅህን ለማሳየት ትቸኩላለህ።

በዚያን ጊዜ ሥራዬ መንከራተትና ግጥም መጻፍ ነበር። ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደድኩት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ወረቀት ሲያልቅ በሰው በር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በጠላ ቤት በር ላይ በኖራ የጻፍኩትን ሁለት ስንኝ ጋሽ መኩሪያ አይተው አስጠሩኝ። ጋሽ መኩሪያ የመሰናዶው የቴክኒክ ንድፍ መምህር ነበሩ፤ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ሥዕል ተምረዋል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በመንዝ ከተሞች ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።

«ግጥሙን እንጃ» አሉኝ። «ፊደሉ ግን ቆሟል። ነገ ማለዳ ና።»

ሰሌዳ መጻፍን ከእሳቸው ተማርኩ። ክር በጠመኔ አሽቶ፣ ወጥሮ፣ ሳብ አድርጎ ለቅቆ ቀጥ ያለ መስመር ማውጣትን፤ እርሳስ በምላጭ እንደ መርፌ መቅረጽን፤ ክር ላይ በተንጠለጠለው ብረት፣ በቱምቢ፣ የበሩን መዝመም ለክቶ ፊደሉን ከበሩ ጋር ሳይሆን ከምድር ጋር ማቆምን። «ፊደሉን የሚያቆመው ቀለሙ አይደለም» ይሉ ነበር፤ «በእግሮቹ መሀል የተውከው ባዶ ቦታ ነው።»

መጀመሪያ ብቻዬን የላኩኝ ዘመሮ ነው። የእንስሳት ሕክምና ግድግዳ ላይ በግ እንድስል ታዘዝኩ። ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ገልብጬ፣ ሦስት ቀን ለፍቼ፣ ጸጉሩን አንድ በአንድ አወጣሁት። የገበያ ቀን ሁለት ሴቶች ከፊቱ ቆሙ።

«ይቺ በግ የማን ናት?» አለች አንደኛዋ።

«የመንግሥት ናት» አልኳት በኩራት።

«ታዲያ መንግሥት ላቷን ምን አደረገው?»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ቀና ብዬ ሳየው እውነትም በጓ ጅራቷ እንደ ገመድ ቀጥኗል። መንዝ ተወልጄ፣ ላታቸው እንደ ጋሻ የሰፋ በጎች መሀል አድጌ፣ ላት የሌላት በግ ሣልኩ። ጋሽ መኩሪያ ሲሰሙ አልሳቁም። «መጽሐፉን አምነህ ዐይንህን ከዳኸው» ብለው፣ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳልስል በግ ስመለከት እንድውል አዘዙኝ። ዋልኩ። የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሥዕል ክበቡ ረዳታቸው አደረጉኝ። ሥዕልና ዲዛይን በመሰናዶ እንደ ትምህርት አይሰጥም። ከየዓመቱ ተማሪ ግን ሁለት ሦስቱ አዲስ አበባ ሄደው ይህንኑ መማር ይመኛሉ፤ ለዚያም አምስት ሥራ አስቀድሞ መላክና እዚያው ቀርቦ በእጅ መፈተን ያስፈልጋል። ጋሽ መኩሪያ የሚያዘጋጇቸው ለዚህ ነበር። የተሰጠን ክፍል ፕላዝማው፣ የትምህርት ቴሌቪዥኑ፣ የተበላሸበት ነው። ጥቁሩ ፕላዝማ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ፣ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በወተት ቆርቆሮ አፍነን ከሰል እናወጣለን። ለማጥፊያ የምንጠቀመው የዳቦ ልብ ነው፤ ተማሪዎቹ ግማሹን ይበሉታል።

የጋሽ መኩሪያ አንድ ልማድ ከሁሉ በላይ ትዝ ይለኛል። ወደ ተማሪ ሲጠጉ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። ከጀርባ ቆመው ያያሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ «ምን አየህ?» ይላሉ። ልጁ ይመልሳል። «ወረቀቱስ ላይ ያንኑ አየህ?» ይላሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ስህተት የግድ በሥዕል መታየት ካለበት፣ ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አውጥተው እዚያ ላይ አሳይተው ቁራጩን ይቀድዱታል። የተማሪ ወረቀት ሲነኩ አይቻቸው አላውቅም።

«አንድ መስመር ቢያስተካክሉለት ምን አለበት?» አልኳቸው አንድ ቅዳሜ።

«አንተ ገጣሚ፣ የሰው ምራቅ ትውጣለህ?» ብለው አለፉኝ።

ነገሩ ብዙም ሳይቆይ በራሴ ደረሰ። አንድ ግጥሜ በአንዲት አነስተኛ መጽሔት ታተመ። የመጨረሻው ስንኝ «ያሳደገን ብርድ ነው፤ ሌላ እናት የለን» የሚል ነበር። መጽሔቷን ስከፍት «ብርዱም ያልፋል እንጂ፤ ብሩህ ነው ቀናችን» ሆኖ አገኘሁት። አዘጋጁ አስተካክሎልኛል። ለጋሽ መኩሪያ «የሰው ስንኝ እንዴት ይነካል!» ብዬ ስጮህ፣ «እንኳን ደረሰብህ፤ ከእንግዲህ ላስተምርህ አልደክምም» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የምተርከው አላወቅሁም ነበር እንዳልል ራሴን ለማሰር ነው።

አስካለ ደምሴ ከቀየት በኩል የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤቷ ስንቅ እያመጣች ትማራለች። አባቷ የበና ሸማኔ ናቸው፤ በና ከበግ ጸጉር የሚሠራው የአገራችን ወፍራም ልብስ ነው። አስካለ ዝምተኛ ናት፤ ስትቀልድ ግን ፊቷ አይለወጥም። አንድ ጊዜ ለክበቡ ልጆች የሣልኩትን ማሰሮ አይታ፣ «ቲቸር፣ ይኼ ማሰሮ ሰው አይቶት ያውቃል ወይስ ዝም ብሎ ተወለደ?» አለችኝ።

ለፈተናው ካዘጋጀቻቸው አምስት ሥራዎች ዋናው የበና መርገጥ ሥዕል ነበር። በና ተሸምኖ ሲያልቅ ጎረቤት በደቦ ይጠራና፣ ልብሱ እስኪጠብቅ ውኃ እየተረጨ በእግር ይረገጣል። አስካለ ይህን የሣለችው ከላይ ወደ ታች ነው። በናው ወረቀቱን ሞልቶታል፤ ጥቁርና ነጭ መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ሰዎቹ ሙሉ ሰው አይደሉም፤ የእግሮች ሰልፍና የአናት ክብ ብቻ። ሩቅና ቅርብ የለም፣ ጥላ የለም። ጋሽ መኩሪያ ከኋላዋ ቆመው ብዙ አዩት።

«ይቺ ልጅ የምታየው እንደ ሸማኔ ነው» አሉኝ በኋላ። «ሸማኔ ሥራውን የሚያየው ከላይ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ማንምም አያበላሽባት።»

ሥራዎቹ ሊላኩ ሳምንት ሲቀር የጋሽ መኩሪያ ዐይን ታመመ፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ሲሳፈሩ ያዘዙኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጠቅልለህ፣ አሳሽገህ ላክ። ሌላ ምንም።» ሥራው በትምህርት ቤቱ ማኅተም ታሽጎ ቀድሞ ይሄዳል፤ ተማሪዎቹ ለፈተና የሚሄዱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አስካለ ሥዕሎቿን ሰጥታኝ ወደ ቤቷ ለስንቅ ወጣች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸው ሳለ ዳይሬክተሩ ገባ። የበናውን ሥዕል አየና፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? የሰዎቹ ፊት የት ሄደ?» አለ።

«በና ሲረገጥ ነው።»

«እኛ እናውቃለን፤ አዲስ አበባ ያሉት ምን ያውቃሉ? ሳይጨርሱ ላኩ ብለው እንዳይስቁብን!» ብሎ ወጣ።

አስተካክለው አላለኝም። ይህን ለዳይሬክተሩ መመስከር አለብኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ሥዕሉን አየሁት፤ ድንገት እኔም ባዶነቱ ታየኝ። ደግሞም ደቦ ነው አልኩ በልቤ፤ በእኛ አገር የጎረቤት ሥራ ሳያልቅ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ሰው ይታማል። ከሰል አነሣሁ። መጀመሪያ ከእግሮቹ ሥር ጥቂት ጥላ ጣልኩ። ጥላው ሲገባ እግሮቹ አካል ፈለጉ፤ አካል ሰጠኋቸው። አካሉ ፊት ፈለገ። የኋላዎቹን አሳነስኩ፣ ከበስተጀርባ ተራራ አወጣሁ። መስመሮቿ ላይ ደግሜ ደጋግሜ ሄድኩባቸው። ሦስት ሰዓት ያህል ሠራሁ።

ደስም ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። አሥረኛ ክፍል የቀረሁት ሰውዬ አዲስ አበባ በሚላክ ወረቀት ላይ እጄ መግባቱ ደስ አለኝ፤ እያፏጨሁ ጠቀለልኩት፣ እያፏጨሁ አሳሸግሁት።

በፈተናው ዕለት የሆነውን የሰማሁት ከጋሽ መኩሪያ ነው። እዚያው ለሕክምና ስለነበሩ አስካለን እስከ በሩ አድርሰው ውጭ ጠበቋት። ፈታኞቹ ሥዕሉን ፊቷ ዘርግተው «ያንቺ ነው?» አሏት። የተለወጠውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። «አዎ» አለች። «እንግዲያው የዚህን አንድ ማዕዘን እዚህ ሳይልን» አሏት። እሷም እንደምታውቀው፣ ከላይ ወደ ታች፣ እግርና መስመር አድርጋ ሣለች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላናገሯትም።

ጋሽ መኩሪያ ፈታኞቹ የመለሱላትን ሥዕል ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዐይናቸው ላይ ፋሻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና በሌላው ዐይናቸው እኔን ሳይሆን ተራራውን እያዩ «ተራራው ጥሩ ነው» አሉ። እጃቸው ወደ ኋላ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ የላካችሁት ሥራና የተፈታኟ እጅ አይገናኝም የሚል። ዳይሬክተሩ የክበቡን አባላት በሙሉ ከፕላዝማው ሥር አቁሞ ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

ልጆቹ ወለሉን አዩ።

«አስካለ፣ ማን ሣለልሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ካልሣለልሽ መንፈስ ቅዱስ ነው? የትምህርት ቤቱን ስም አጠፋሽ እኮ!»

አስካለ ወለሉን አላየችም። እኔን አየችኝ። ጋሽ መኩሪያም አዩኝ። ከሁለቱ መሀል ቆሜ የፕላዝማውን ጥቁር መስተዋት ተመለከትኩ፤ እዚያም ውስጥ ራሴ ነበርኩ። ኮንትራቴ በዚያ ወር ይታደስ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ፤ ግን ውሸት ነው። የፈራሁት ከተማሪዎቹ አንዱ «ድሮስ መሰናዶ ያልገባ!» እንዳይል ነው። ለዚህ ብዬ ዝም አልኩ። አስካለ ከክበቡ ተሰረዘች።

ጋሽ መኩሪያ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ «ለእሷ ስትነግራት ለእኔም እንደነገርከኝ እቆጥረዋለሁ» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ልነግራት አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ቀየት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አስካለ ለመምህራን ኮሌጅ ምዝገባ ወጥታለች። አባቷ አቶ ደምሴ ከሽመናቸው ተነሥተው «የልጄ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ!» ብለው አቀፉኝ። አንቱ ማለታቸው አሳቀቀኝ። የመጣሁበትን ልናገር አፌን ስከፍት፣ ዐይኔ ሽመናው ላይ አረፈ፤ አንዱ ጥቁር መስመር ከሌሎቹ ሰፍቷል።

«እሱን አይዩብኝ» አሉ እየሳቁ። «ትናንት እጄ ስቶ ነው። ጎረቤቴም ሸማኔ ነው፤ አይቶ አለፈ።»

«ለምን አላቃናልዎትም?»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን አዩኝ። «ምን ነካዎት! በና ሲረገጥ የሁሉ ነው። ሲሸመን ግን የአንድ ሰው ነው። ሌላ እጅ የገባበት በና ገበያ ላይ ያስታውቃል፤ ውጥረቱ አንድ አይሆንም። ብስትም ስህተቱ የእኔ ይሁን።»

የመንዝ ልጅ ነኝ። ደቦውን አውቅ ነበር፤ ደቦው የት ላይ እንደሚያበቃ ግን አላወቅሁም ነበር። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ግን ተነሥተው ከመደቡ ላይ አንድ አዲስ በና አነሡ፤ «ልጄ ስለ እርስዎ ክፉ አውርታ አታውቅም፤ ደክመውላታል» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ተቀበልኩ። ምርቃታቸውንም ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ የምተኛው እሱን ለብሼ ነው፤ ይሞቃል፣ አይመቸኝም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ክበቡን ብቻዬን መራሁ። እጄን ወደ ኋላ ማድረግን ተለማመድኩ። ሁለት ተማሪዎች ፈተናውን አለፉ። በየጊዜው «የአንተ ፍሬዎች» እየተባልኩ ስመሰገን በክፍሉ ሳጥን ውስጥ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት የአስካለ ሥዕል ትዝ ይለኛል።

መልቀቂያ ባስገባሁ ማግስት እትዬ ወርቄ የተረካቢውን ስም ነገሩኝ። ቀየት አንደኛ ደረጃ ሥዕል ስታስተምር የቆየች መምህርት፤ አስካለ ደምሴ።

በርክክቡ ዋዜማ ከሰዓት ክፍሉን ዘግቼ ሥዕሉን አወጣሁ። ዳቦ ገዝቼ ነበር። የእኔን ከሰል አጥፍቼ የእሷን ልመልስላት አሰብኩ። ከተራራው ጀመርኩ፤ ተራራው ለቀቀ። ፊቶቹም ለቀቁ። እግሮቹ ጋ ስደርስ ግን የእኔ መስመር ከእሷ መስመር ላይ ተረግጦ ተረግጦ አንድ ሆኗል፤ የእኔ ሲጠፋ የእሷም አብሮ ይጠፋል። ሦስት እግር ካጠፋሁ በኋላ ገባኝና ቆምኩ። ቅጹን ስቤ ከአሥራ አምስተኛው ሥር ጻፍኩ፦ «16. የተበላሸ ሥዕል፣ አንድ። የአስካለ ደምሴ ሥራ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት።

በማግስቱ መጣች። ሰውነቷ ሞላ ብሏል፤ ፊቷ ያው ነው። ማቆሚያዎቹን ቆጠረች፣ ቱምቢውን አንሥታ ክሩን ሞከረች፣ ፕላዝማውን አይታ «ይኼ አሁንም አልሞተም?» አለች። ቅጹን ማንበብ ጀመረች። አሥራ ስድስት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«አውቃለሁ» አለች። «ወረቀቱ ሲዘረጋ ነው ያወቅሁህ። ጥላ ስትጥል ሁልጊዜ ከግራ ነው።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?»

«አይደለም ብል ቀጥሎ የሚጠይቁኝ የማን እንደሆነ ነዋ። ቲቸሬ ነው ልበል?»

በቀስታ ቀጠለች።

«እሱስ ይሁን። አዲስ አበባ አልነበርክም፤ አትሰማኝም ነበር። እዚህ ግን አጠገቤ ቆመህ ነበር። ዳይሬክተሩ ሲጠይቅ ጠበቅኩህ። አንድ ቃል ብትል ይበቃኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ለአባቴ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። በና ሰጡኝ።»

ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን አልሳቀችም። ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ምልክት አደረገችና ፈረመች። አሥራ ስድስተኛውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችው፤ ማስመሪያ አልፈለገችም። ሥዕሉን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ይኼን አልረከብም» አለች። «የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ሂድ፣ ለአባቴ አሳየው።»

ተማሪዎች በር ላይ ተሰብስበው ነበር። አስገባቻቸው። እኔ ጥቅሉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። በግቢው በር ላይ ጥበቃው፣ የሚወጣ ንብረት መፈተሽ ግዴታው ነውና፣ ዱላውን አጋድሞ አስቆመኝ። ጥቅሉን ከፈተው። ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ የቀረውን ሥዕል ወዲያና ወዲህ አገላበጠ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልኩት። «የሰው ሥራ ላይ የገባ የእኔ እጅ ነው።»

ጥበቃው ሌላ ነገር እንዳልደበቅሁ ጥቅሉን ነቅነቅ አድርጎ አየና መለሰልኝ።

«እለፍ» አለኝ።

ወደ ቀየት የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።